ዋስ የጠራችው በለስ

ሰው ያላየውን ነገር እንዴት አሳምሮ እንደሚያውቅ ማየት ከፈለጋችሁ ወደ ሆሳዕና ብቅ በሉ። እኛ ዘንድ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ስለ ሊባኖስ ዝግባ ያስረዳችኋል። ዮርዳኖስን በመዝሙር ያልተሻገረ ሰው አታገኙም፤ ጊቤን በመኪና ሲሻገር ግን ዓይኑን ጨፍኖ፣ የፊተኛውን ወንበር በሁለት እጁ ጨምድዶ ነው። የወይኑን ሐረግ፣ የሰናፍጯን ቅንጣት፣ የመርከቡን መልሕቅ አንድ በአንድ እናውቃቸዋለን። ባሕር ግን አናውቅም። "ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ" ይላል ያገሬ ሰው። የኛ ሰፈር ጠጁን ከነብርሌው ትቶ ምሳሌውን ብቻ የያዘ ሰፈር ነው።

ይህን የምለው ለማሽሟጠጥ አይደለም። ለማሽሟጠጥም ከሆነ በትንሹ ነው። የአጥር ጎረቤቴ ጋሽ ላምቦሬ አርባ ዓመት ሙሉ ወንጌላዊ ሆነው ከሞርሲቶ እስከ ሾኔ፣ ከሾኔ እስከ ዱራሜ፣ መጀመሪያ በእግር፣ ቀጥሎ በበቅሎ፣ በመጨረሻ በአይሱዙ ጭነት ላይ እየተንገላቱ የሰበኩት ስብከት አንድ ነበር ማለት ይቻላል፤ ያላፈራችው በለስ። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የአትክልቱ ጌታ ሦስት ዓመት ተመላልሶ ፍሬ አጣባትና ትቆረጥ አለ፤ አትክልተኛው ደግሞ ይቺን ዓመት ተዋት፣ ዙሪያዋን ልኮትኩትላት፣ ፍግ ላድርግላት ብሎ ለመነላት። ጋሽ ላምቦሬ የልመናውን ክፍል ቶሎ ብለው ያልፉትና ወደ መቁረጡ ይመለሳሉ። ቀኝ እጃቸውን እንደ መጥረቢያ አንስተው "ቁረጣት!" ሲሉ መዳፋቸው አትሮንሱ ላይ ያርፋል፣ የውኃው ብርጭቆ ይዘላል፣ ኋላ ወንበር ላይ የተኛ ሕፃን ባንኖ ያለቅሳል። እኔም የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ለመባ የተሰጠኝን ስሙኒ ለሸንኮራ ባዋልኩበት ሳምንት፣ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። እስከ ዛሬ ከኋላዬ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ካለ አንገቴን እዳስሳለሁ።

ታዲያ እኒህ ሰው በለስ አይተው አያውቁም። ሰሜን የኖራችሁ ሰዎች የቁልቋሉ ፍሬ ትዝ ብሏችሁ ይሆናል፤ እሱን አይደለም የምላችሁ። ዛፏን ነው፣ ቅጠሏ ሰፋፊውን። ሹፌሩ ጎረቤታችን ከድር ግን አይቷታል። ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት ዓመታት ከድር የጭነት መኪናውን እየነዳ ምጽዋ ድረስ ይመላለስ ነበር። ሌላው ጎረቤት "ጨው አምጣልኝ፣ ሸራ ጫማ አምጣልኝ" ሲለው ጋሽ ላምቦሬ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው። "በለስ አየህ?"

ከዕለታት አንድ ቀን ከድር ሦስት ጭራሮ የመሰሉ እንጨቶች በረጠበ ጆንያ ጠቅልሎ ከወንበሩ ኋላ አስቀምጦ መጣ። ከአሥመራ ወደ ባሕሩ ቁልቁል ሲወረድ፣ ጉም ከባሕር ተነሥቶ ዳገቱን የሚወጣበት አንድ ሰፈር አለ አለን፤ ብርዱ አያንቀጠቅጥ፣ ሙቀቱ አያቃጥል። መኪናው ተበላሽቶበት ሁለት ቀን እዚያ ሲያድር አንዲት ሴት ከጓሮዋ ቆርጣ ሰጠችው። "አየሩ ልክ እንደ ሆሳዕና ነው። ጉሙ ብቻ ትንሽ ጨው ጨው ይላል" አለ።

ሁለቱ እንጨቶች ደረቁ። ሦስተኛው አቆጠቆጠ። ቅጠሉ ሲዘረጋ ጋሽ ላምቦሬ አንዱን ቀጥፈው እሑድ ጸሎት ቤት ይዘው ሄዱና ከእጅ ወደ እጅ አዞሩት። ሰው ሁሉ ጣቱን እየዘረጋ ለካው። አንዲት ሴትዮ "አዳም በዚህ ነው የተሸፈነው?" ብለው ገለባበጡትና "ይጠባል እኮ" ብለው ለጎረቤታቸው አቀበሉት። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ እልልታ መካከል ነው እንግዲህ ጋሽ ላምቦሬ አትሮንሱን ይዘው እንዲህ ያሉት። "ሦስት ዓመት እጠብቃታለሁ። በአራተኛው ካላፈራች በዚህ እጄ እቆርጣታለሁ!" ጉባኤው በአንድ ድምፅ አሜን አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ እንሰት ትንሽ ካልነገርኋችሁ የሆነውን አትረዱልኝም። እንሰት አንድ ቦታ ተተክሎ አይቀርም። ችግኙ ከእናቱ ሥር ይነሣል፤ ዓመት ቆይቶ ይነቀልና ሰፋ ወዳለ ቦታ ይዛወራል፤ ደግሞ ይነቀላል፣ ደግሞ ይዛወራል። በተዛወረ ቁጥር እየወፈረና እየገዘፈ ይሄዳል። ፍጉን ሴቶቹ በየማለዳው በቅርጫት ያቀርቡለታል፤ የአንዲት ሴት ሙያም ከጓሮዋ እንሰት ውፍረት ይታወቃል። (የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችንም ዘዴውን ከዚህ የወሰዱት ይመስለኛል። አንድ ሠራተኛ ሥር መስደድ ሲጀምር ነቅሎ ወደ ሌላ ወረዳ ማዛወር፣ አንድ መምሪያ ሲለመድ አፍርሶ በሌላ ስም መትከል። ልዩነቱ እንሰቱ መወፈሩ ነው።) ከእንሰት በላይ አክብረን የያዝነው ተክል ስለሌለ፣ ያከበርነውን ተክል ሁሉ እንደ እንሰት እንይዘዋለን። ጋሽ ላምቦሬም በለሷን በየዓመቱ ነቀሏት። ከደጃፍ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ላሟ ጋጥ ጎን፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላ። ባለቤታቸው እትዬ ማርታ በበኩላቸው ከእንሰቱ ድርሻ እየቀነሱ ፍግ ከመሯት። ምሳሌውስ ቢሆን ፍግ ይል የለ?

ሁለት ዓመት አለፈ። በለሷ ቅጠል እንጂ ፍሬ አታውቅም። በዚህ ጊዜ ጋሽ ላምቦሬ የአጥሩን በር ከፍተው ወደ እኔ መጡ። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። "የተማረ ይግደለኝ" የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው እኔን ሳያይ ያወጣው አይመስለኝም። ዛፏን ዞርኳት። ቅጠሏን አገላበጥሁ። እጄን ኋላዬ አጣምሬ ስለ ናይትሮጅን ሃያ ደቂቃ ያህል አስተማርኳቸው። በሕይወቴ በለስ አይቼ እንደማላውቅ፣ ስለ ናይትሮጅን ያልኩትም ክፍል ውስጥ ከማስተምርበት መጽሐፍ፣ ያውም ስለ ባቄላ ከሚናገረው ገጽ እንደሆነ አልነገርኳቸውም። በመጨረሻ "ፍጉ አንሷታል" አልኩ። እትዬ ማርታ ቅርጫቱን በትልቅ ቅርጫት ለወጡት። በዚያ ክረምት የበለሷ ቅጠል ጃንጥላ አከለ፤ ዶሮዎች ከዝናብ ይጠለሉበት ጀመር።

ሦስተኛው ዓመት አልፎ አራተኛው ገባ። ያን ጊዜ፣ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ግምገማ የሚባል ነገር አገሩን ሞልቶት ነበር። መምህሩ ይገመገማል፣ ዘበኛው ይገመገማል፣ ገምጋሚው ራሱ ማክሰኞ ይገመገማል። በሽታው ወደ ሰፈር ወረደና በለሷም ተገመገመች። ከእሑድ ጸሎት የሚመለሰው ሰው አጥሩ ላይ ተደግፎ ሐሳቡን ይሰጣል። አንዱ መሬት ያለ አግባብ ይዛለች አለ፤ ሌላው ቅጠሏን አይቶ ትምክህተኛ ናት አለ። ግለ ሂስ እንድታደርግ ብቻ አልተጠየቀችም። ጋሽ ላምቦሬ ይህን ሁሉ ከቤት ሆነው ይሰማሉ። የቆየውን ስብከታቸውንም ትተውት ነበር። ሌላው ቀርቶ ስለ ጥፋት ውኃ ሲሰብኩ እንኳ ዛፍ እንዳይነሣባቸው ሲጠነቀቁ ያስታውቃል።

ጥቅምት ገባ። አንድ እሑድ የመዘምራኑ መሪ፣ ደግ ልጅ ነው ግን አፉ ፈጣን ነው፣ ጉባኤው መካከል ብድግ ብሎ "ወንጌላዊ፣ የበለሷ ነገርስ?" አላቸው። ጋሽ ላምቦሬ መሬት መሬት አዩ። "ቅዳሜ" አሉ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ መጥረቢያ ሲስሉ ሰነበቱ። ክንድ የምታክል ዛፍ ናት፤ በኩሽና ቢላዋም ትወድቃለች። እሳቸው ግን ይስሉና ቆም ብለው ያዩዋታል፣ ደግሞ ይስላሉ። ሐሙስ ከሰዓት አጥሩን ተሻግሬ ሄድኩ። በለሷ ያን ዓመት የተዛወረችው ከኩሽናው ቆርቆሮ ግድግዳ ሥር ነበር፤ ሌላው ቦታ ሁሉ በእንሰት ስለተያዘ። ጋሽ ላምቦሬ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር።

"መምህር፣ ልጄን ስድር እንዲህ አልሆንኩም" አሉኝ።

"ጋሼ፣ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠን በኔ ጓሮ ብንተክልስ? ማንም አያይም።"

ቀና ብለው አዩኝ። "የተፈረደባትን ልጅ ልደብቅ? እሱ ማጭበርበር ነው። ቃሌን ለሰው ብቻ መሰለህ የሰጠሁት?"

ሌላ እንጨት ከድር እንዳያመጣ የምጽዋ መንገድ ያን ዓመት ተዘግቶ ነበር። አዝኜ ቤቴ ተመልሼ ገባሁ። እውነቱን ልናገር፤ ያዘንኩት ለዛፏ ብቻ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ሰው የሚወደውን ነገር በገዛ እጁ ሊቆርጥ ነው፤ ካልቆረጠ ደግሞ አርባ ዓመት የቆመበት አትሮንስ ላይ ሁለተኛ ቀና ብሎ አይቆምም። እኔ ደግሞ ሃያ ደቂቃ ስለ ናይትሮጅን አስተምሬአቸዋለሁ።

ዓርብ ጠዋት ሐሳብ መጣልኝ። እኛ ዘንድ ሰው ሰው ቢገድል ሽማግሌ ይቀመጣል። ሚስት ብትኮበልል ሽማግሌ ይላካል። የአንዱ በሬ የሌላውን ቢወጋ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ለምኖት እምቢ ያለ ሰው ደግሞ ቃሉን ካጠፈ ሰው የባሰ ነውረኛ ነው፤ ለቅሶ እንኳ የሚደርስለት አያገኝም። ታዲያ ለበለሷ ሽማግሌ የማይላክላት ለምንድን ነው? የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች እንዳይሆኑ ሁሉም አሜን ብለዋል። ስለዚህ ወደ ሐጂ ሽፋ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ የጋሽ ላምቦሬ የልጅነት ጓደኛ፣ በእርቅ የታወቁ።

"ለዛፍ ልሸማገል?" አሉኝ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ።

"ለላምቦሬ ነው ሐጂ።"

ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። ከዚያ ሱቃቸውን ዘጉ።

ቅዳሜ ማለዳ ሦስት ሆነን ሄድን። ሐጂ ከነነጭ ቆባቸው፣ በዚያው ሳምንት ከጅቡቲ የገባው ከድር፣ ከኋላ ደግሞ እኔ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጋሽ ላምቦሬ ሸሚዛቸውን ጠቅልለው፣ መጥረቢያቸውን ይዘው ከበለሷ ፊት ቆመዋል። ሐጂ በሩ ላይ ሲቆሙ አይተው ገባቸው መሰለኝ፣ ትከሻቸው ትንሽ ወረደ።

"ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ" አሉ።

"ቃል ካልሰጠኸን አንቀመጥም" አሉ ሐጂ። "ለልመና ነው የመጣን። ይህቺ ዛፍ እንደበደለችህ ሰምተናል። በደሏን አናስተባብልም። አንተ በዳይዋን ቅጣ ብንልህ ሥራችን አይደለም፤ ማርልን ልንል ነው።"

የሚስቅ ይኖራል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አንድም ሰው አልሳቀም። ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን እኛ አገር አይሳቅም። ጋሽ ላምቦሬም ሥርዓቱ እንደሚያዘው አቤቱታቸውን አሰሙ። አራት ዓመት አብልቻታለሁ። አራት ጊዜ ቦታ ቀይሬላታለሁ። ከላሜ ጋጥ አጠገብ አኑሬያታለሁ። አንዲት ፍሬ፣ ለምስክር እንኳ የምትሆን አንዲት ፍሬ አላሳየችኝም። መጨረሻው ላይ ድምፃቸው ተሰበረ።

ይኼኔ ከድር ጉሮሮውን ጠረገ። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ስንት ጊዜ ነቀሏት አሉ?"

"በየዓመቱ።"

"ፍግስ?"

"ያለ ፍግ ውላ አታውቅም!" አሉ እትዬ ማርታ በኩራት።

ከድር ራሱን ነቀነቀ። "ያቺ እንጨቱን የሰጠችኝ ሴትዮ ምንም ነገር ስታደርግላት አላየሁም እኮ። ዛፏ በግድግዳውና በድንጋይ ደረጃው መካከል ተጣብቃ ነው ያለችው፤ መፈናፈኛ የላትም። ሴትዮዋ ልብስ ታሰጣባታለች፣ በቃ። ፍሬው እየወደቀ ያጠበችውን ነጠላ ሲያበላሽባት ትሰድባታለች እንጂ።"

"ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከንም?" አልኩት።

"ማን ጠየቀኝ? መምህር አለ አላችሁኝ" አለ ከድር።

የግቢው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። የጫማ ክር እንዲህ አጓጊ ነገር መሆኑን እስከዚያ ቀን አላወቅሁም ነበር። ደግነቱ የመዘምራኑ መሪ አዳነኝ። "ቆይ፣ ፍግ አታድርጉላት ማለት ነው? ምሳሌው ፍግ እያለ?" አለ። ሐጂ በሰው ሃይማኖት ገብተው እንዳይናገሩ ወደ ሰማይ አዩ። ከድር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። እትዬ ማርታ ቅርጫታቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

ጋሽ ላምቦሬ መጥረቢያውን ተመርኩዘው አሰቡ። አርባ ዓመት የሰበኩትን፣ በቃላቸው የሚወጡትን ያንኑ ታሪክ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲወርዱት ይታያል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ደግመው ወረዱት። ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ ተፈታ።

"ምሳሌው እኮ 'ይቺን ዓመት' ነው የሚለው" አሉ። "አንድ ዓመት። እኛ አራት ዓመት ነው የጫንባት።"

"አሜን!" አለ አንድ ሰው ከኋላ። እንዲያ ደስ ያለው አሜን ሰምቼ አላውቅም።

"እንግዲያው ማርክልን?" አሉ ሐጂ።

"ዋስ ትጥራ" አሉ ጋሽ ላምቦሬ። እርቅ ያለ ዋስ አይጸናም፤ ይህም የታወቀ ነው። በዳይ ሁለተኛ እንዳይበድል የሚቆምለት ሰው ማቅረብ አለበት። በለሷ የምታውቀው ሰው ብዙ ስላልነበረ ሁሉም ጣት ወደ እኔ ዞረ። የዋስትናው ቃል ይህ ነው፤ እስከሚመጣው መስቀል ካላፈራች መጥረቢያውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ከመቁረጤ በፊትም ጉባኤው ፊት ቆሜ የናይትሮጅኑ ነገር ከማን እንደመጣ እናገራለሁ። እጄን አንስቼ ተቀበልኩ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ አሬራ ተቀዳልን።

ለሰው ዋስ ሆኜ አውቃለሁ። ሰው ቢያንስ ይጠፋብሃል፣ ትፈልገዋለህ። ዛፍ ግን ፊትህ ቆማ ምን እያሰበች እንደሆነ አትነግርህም። የመጀመሪያው ሥራዬ እትዬ ማርታን መጠበቅ ሆነ። እሳቸው ይህን ሁሉ ጭካኔ ነው የሚሉት። በየማለዳው ቅርጫታቸውን ይዘው ወደ እንሰቱ ሲሄዱ በለሷ ጋ ሲደርሱ እርምጃቸው ይዘገያል። አንድ ቀን በነጠላቸው ሥር ትንሽ ሰፌድ ደብቀው ደረስኩባቸው።

"ትንሽ ናት፣ ለቅምሻ ብቻ" አሉኝ።

"እትዬ፣ ዋስ ነኝ እኮ!"

"እንግዳ በር ላይ አቁሞ ቆጮ መብላት ለኔ አይሆንልኝም" ብለው ተመለሱ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ቀኑን ሙሉ ከፋኝ።

ኅዳር ላይ ውርጩ ሲመጣ ቅጠሏ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ረገፈ። ባዶ እንጨት ቀረች። የሰፈሩ ሰው በአጥሩ በኩል ሲያልፍ "እግዜር ያጽናህ" ይለኝ ጀመር። እንሰት ቅጠሉን ጥሎ ራቁቱን አይቆምም፤ ስለዚህ እኛ አገር ቅጠሉን የጣለ ነገር ሞቷል ማለት ነው። ጋሽ ላምቦሬ የማዳበሪያ ጆንያ አምጥተው ግንዷ ላይ ጠመጠሙላትና ሄዱ። እኔ ማንም በሌለበት ቀረብ ብዬ ልጧን በጥፍሬ ጫር አደረግኋት። ውስጡ አረንጓዴ ነበር። እዚያው ቁጭ አልኩ።

የካቲት ላይ ከአዳዲሶቹ ቅጠሎች ሥር ሽምብራ የሚያክሉ እብጠቶች ወጡ። ኪንታሮት መሰሉኝ። አበባ ሳይቀድም ፍሬ የሚመጣበት ነገር አይቼ አላውቅም። በለስ አበባዋን ፍሬዋ ውስጥ እንደምትደብቅ የሆነ ቦታ አንብቤ ነበር፤ ግን በዚያ ዓመት ያነበብኩትን ላለመናገር ምያለሁ። ዝም ብዬ ቆጠርኳቸው። ዘጠኝ ናቸው። ጋሽ ላምቦሬን ጠርቼ በጣቴ ብቻ አሳየኋቸው። ከዚያ ቀን በኋላ እሳቸው በማለዳ፣ እኔ ከክፍል ስመለስ፣ አንዳችን ሌላውን እንዳላየን ሆነን እየሄድን እንቆጥር ነበር።

የበለስ ፍሬ ግን ልብ ያደርቃል። ሽምብራው ባቄላ ሆነ፣ ባቄላው እንቁላል መሰለ፣ ከዚያ ቆመ። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ወር። እንደ ድንጋይ ጠንክሮ፣ አረንጓዴ እንደሆነ፣ ቁልቁል ያየናል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ። የበልግ ዝናብ ሲጀምር ሊበሰብስ ነው ብለን ተጨነቅን። ያተረፋት የኩሽናው ቆርቆሮ ነው፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ግድግዳው ይግላል፣ በለሷ ጀርባዋን ሰጥታ ትሞቃለች። እዚያ ያስቀመጣት የማንም ጥበብ አይደለም። ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው።

አንድ ሚያዝያ ጠዋት የፊት ጥርስ የሌላቸው እትዬ ማርታ በአጥሩ በኩል በሙሉ አፋቸው እየሳቁ ጠሩኝ። ፍሬዎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። መልካቸው ወደ ወይን ጠጅ ዞሯል፤ ቆዳቸው ሰንጠቅ ሰንጠቅ ብሎ ጠብታ ማር የመሰለ ነገር አውጥተዋል። ዘጠኝ የነበሩት ሰባት ሆነዋል። ሁለቱን ወፍ ወስዷቸዋል። ጋሽ ላምቦሬ "አሥራት ነው" አሉ። ወፏ ከአሥራት በላይ መውሰዷን ባውቅም አልተከራከርኩም። መጥረቢያ አልይዝም። ጉባኤ ፊት አልቆምም። እኒህ ሽማግሌም አንገታቸውን አይደፉም።

ሐጂ ተጠሩ። ከድር መንገድ ላይ ስለነበር ድርሻው ይቀመጥለት ተባለ። የመዘምራኑ መሪ ሳይጠራ መጣ። ከሰፈር ሰው ግቢው የያዘውን ያህል ገባ። እትዬ ማርታ ፍሬዎቹን በኮባ ቅጠል ላይ አድርገው በቢላዋ ሰነጠቋቸው፤ ውስጡ ቀይ፣ በጥቃቅን ፍሬ የተሞላ፣ እርጥብ። ለእያንዳንዱ ሰው የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ደረሰች። ግን ማንም አልቀመሰም። ሁሉም ጋሽ ላምቦሬን ይጠብቃል።

እሳቸው ድርሻቸውን አንስተው አዩት፣ አሸተቱት፣ አፋቸው ውስጥ አደረጉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አኘኩ። ረጅም ጊዜ አኘኩ። አርባ ዓመት የተናገሩለትን ነገር ነው እየቀመሱ ያሉት። ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ ሳቁ። ሐጂንም አሳቋቸው። ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ጠፋና እዚያ የቆምነውን አንድ በአንድ አዩን። ከሐጂ በቀር ግቢው ውስጥ ከነበርነው መካከል፣ አትሮንሱን በሚመታው በዚያ መዳፍ አንገቱ ያልተቆረጠ አልነበረም።

"ይኼን የመሰለ ጣፋጭ ነገር ይዤ" አሉ፣ "አርባ ዓመት ሙሉ የሰበክሁት መጥረቢያውን ነው እንዴ?"

መዳፋቸውን ገልብጠው አዩ።

"ይቅር በሉኝ" አሉ።

ይቅር አልናቸው። ሽማግሌ አላስፈለገም። ዋስም አልጠየቅናቸውም።